ሰው አለው

ውሃ ሽታ የለውም የሚል ሰው ቦኖ ተሰልፎ አያውቅም ማለት ነው። ውሃ ይሸታል። በአሸዋ የተፈተገ ጀሪካን ይሸታል፤ ፀሐይ ያጋለው ፕላስቲክ፣ የዛገ ቧንቧ፣ የረገጡት ጭቃ፣ ቁርሱን ያልበላ ሰው ትንፋሽ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ጀሞ የኮንዶሚኒየማችን ውሃ ለአራት ቀን ጠፋና ቦቴ መጣልን። ብሎኩ በሙሉ ጀሪካኑን ይዞ ወረደ። አንዲት ወጣት ጀሪካኗን ሰልፉ ላይ ትታ ልጇን ልታይ ወደ ላይ ወጣች። አንዱ ጎረምሳ ጀሪካኗን በእግሩ ገፋ ሊያደርግ ሲል ከኋላ ያሉ አሮጊት «ተው፣ ሰው አለው» አሉት። ተወው።

ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ጀሪካኔ ላይ ተቀመጥኩ።

ስለ ልጅነቱ የሚያወራ ሰው አልወድም። አብዛኛው ይዋሻል፤ ረሃቡን ማር ቀብቶ ያቀርብልሃል። እኔ የማወራው ስለ አንድ ዐቢይ ጾም ነው፤ ሁለት ወር አይሞላም። ከዚያ በፊት ያለው ለወሬ አይበቃም፤ ከዚያ በኋላ ያለውም የራሴ ጉዳይ ነው። ያቺ ጊዜ ግን ጥሩ ነበረች። ጥሩ ነበር የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ግን ነበረች።

መንግሥት ከተለወጠ አራት ወይ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ አሥር ወይ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እናቴ ዕድሜዬን የምትቆጥረው በክረምት ስለሆነ አንዳንዱን ሳትዘለው አልቀረችም። የምንኖረው ላፍቶ፣ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ጀሞ ያኔ የሽንብራ ማሳ ነው። አባቴ የለም። ሞተ አላልኩም፤ የለም። እናቴ፣ ዘነቡ፣ ጎፋ ላሉ ሰዎች ልብስ ታጥባለች፤ እኔ የምታጥብበትን ውሃ አመጣለሁ። ትምህርት ቤት ያልገባሁት ለዚህ ነው። የሰፈሩ ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ እኔ ጀሪካን እቆጥር ነበር።

ቦኖው የሚከፈተው ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰልፉ ግን በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ይጀመራል፤ የሚሰለፈውም ሰው ሳይሆን ድንጋይ ነው። ማን ሥራውን ትቶ አንድ ቀን ሙሉ ይቆማል? እያንዳንዱ ቤት ተራ መያዣ አለው። ከፊሉ ድንጋይ፣ ከፊሉ የወተት ጣሳ፣ ከፊሉ የተበጠሰ የጎማ ጫማ። የኛ ጥጉ የተሸረፈ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እንዲለይ እናቴ በኖራ መስቀል ቀብታበታለች። ድንጋይህን አስቀምጠህ ትሄዳለህ። አዲስ የመጣ ሰው ወደ ቦታህ ከተጠጋ በአጠገቡ ያለ «ሰው አለው» ይለዋል። አለቀ። ድንጋይህ ከሌለ ደግሞ ተራህም የለም። ሕጉ ይኸው ነው፤ የጻፈው ሰው የለም፤ የማያውቀውም ሰው የለም።

ክፋቱ ቃሉ ሁለት ፍቺ አለው። ሰው አለው ማለት ቦታው ባለቤት አለው ማለት ነው። ሰው አለው ማለት ደግሞ የሚቆምለት ዘመድ አለው ማለት ነው። እኔ የሁለተኛው ዓይነት ሰው አልነበረኝም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውም አይሠራልኝም። እትዬ ሙሉ የሚባሉ ዘጠኝ ጀሪካን የሚያስቀዱ ሴትዮ ነበሩ። የእሳቸው ተራ መያዣ ሁለት ወንድ የሚያነሳው የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ነው። የእኔን በጫማቸው ጫፍ ወደ ኋላ ገፋ ያደርጉታል። እሳቸው ሲገፉ ያየ ሌላውም ይገፋል። አንድ ቀን «እትዬ ሙሉ፣ ሰው አለው እኮ» አልኳቸው።

«ማን አለው?»

«እኔ።»

«አንተ ነህ ሰው?»

ሰልፉ ሳቀ። ስድስተኛ የነበረ ድንጋዬ ሃያኛ ይደርሳል፤ ሃያኛው ጋ ሲደርስ ደግሞ ቧንቧው ውሃ ሳይሆን ክር ነው የሚያወርደው። ይህ ደግሞ ጾም ነው፤ ፋሲካ እየመጣ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ጎፋ ያለው ቤት ሁሉ ጋቢውን፣ ነጠላውን፣ መጋረጃውን አውጥቶ ያሳጥባል። እናቴ በዚያ ሰሞን የምታጥበው ነው ክረምቱን የሚያሻግረን። ውሃ ካላገኘች ልብሱ ለሌላ አጣቢ ይሄዳል፤ አንዴ የሄደ ደንበኛ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ የድንጋዩ ነገር የልጅ ጨዋታ አልነበረም።

ያለም የመጣችው በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ትክክለኛ ስሟ ያሌሚ ነው። ግን እማማ ጫልቱ በመጀመሪያው ቀን «ያለም» ብለው ጠሯትና በዚያው ጸና። እማማ ጫልቱ የሰልፉ ዳኛ ነበሩ። ቦኖው የቆመበት መሬት ድሮ የባለቤታቸው ማሳ ነው፤ በሁለት አህያ ነው ውሃ የሚያስጭኑት። የሚናገሩት ትንሽ ነው፤ የተናገሩት ግን አይመለስም።

ያለምን ያመጣት ታምሩ ነው። የሶማሌ ጦርነት አባቱን የበላበት ልጅ ነበር፤ በዘጠኝ ዓመቱ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር በመርከብ ኩባ ተልኮ፣ እዚያው ተምሮ፣ ፂም አብቅሎ ተመለሰ። ሰፈሩ ታምሩ ኩባ ይለዋል። እኔ ኩባን የኩባያ አገር አድርጌ ነበር የማስባት፤ ኩባያ የሚመጣው ከዚያ ነው ብዬ። ታምሩ መካኒክ ነው፣ ጎበዝ ነው ይባላል፤ አማርኛው ግን ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ቆሟል። ያን የሚያህል ሰውዬ እንደ ሕፃን ነበር የሚያወራው። እማማ ጫልቱን «አንቺ ደህና ነሽ?» ብሏቸው ሰልፉ በሙሉ አፉን ያዘ። እሳቸው ግን «ተዉት፣ አማርኛው ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም» አሉ።

አጠገቡ ጠይም፣ ረጅም፣ ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ የወንድ ሸሚዝ የለበሰች ሴት ቆማለች። የኛው ሰው መስላን ነበር። ስትናገር ነው ያልሆነችው፤ ኩባዊት ናት።

«ማናት?» አሉ እትዬ ሙሉ።

«አርቲስት ናት» አለ ታምሩ።

«ታዲያ ትዝፈንልና።»

«በጾም?» አለች እናቴ።

«አትዘፍንም። ሠዓሊ ናት።»

«እንግዲያው ትሣለን» አሉ እትዬ ሙሉ። «እኔን ግን ከወገብ በላይ።»

«አትሥልም።»

«የማትዘፍን አርቲስት፣ የማትሥል ሠዓሊ» አሉ እትዬ ሙሉ። «ውሃ የሌለው ቦኖ ናት በለኛ።»

ታምሩ ጭንቅላቱን አከከ። ከእሷ ጋር በስፓኒሽ ብዙ ተነጋገረ። ከዚያ «ሐሳብ ነው የምትሠራው» አለ።

«ሐሳብማ እኔም አለብኝ» አለች እናቴ። «መጥቶ የሚያይልኝ አጣሁ እንጂ።»

ታምሩ ይህን ሲተረጉምላት ያለም አልሳቀችም። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። እናቴ ያን ቀን ሙሉ ምን ብዬ ይሆን የጻፈችኝ ስትል ዋለች።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞም ቅዳሜም ትመጣለች። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ወሬ ያስፈልገዋል። ሴቶቹ ታምሩን እየወተወቱ ሥራዋን ያስነግሯታል። ደሞዝ የሚከፈልበት ሥራ መሆኑን እስከ መጨረሻው አላመኑም።

የመጀመሪያ ሥራዋ እንዲህ ነው። ወጣት ሳለች፣ ሐቫና ውስጥ፣ አንድ የተዘጋ በር ፊት ጠዋት ሄዳ ብቻዋን ቆመች። ሱቅ አይደለም፣ ቢሮ አይደለም፣ በር ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴትዮ ከኋላዋ ቆመች። ከዚያ ሌላ። ቀትር ላይ ሰልፉ መንገዱን ዞረ። «ምን መጣ?» ሲሏት «አላውቅም፣ እኔ አንደኛ ነኝ» አለች። ፖሊስ መጥቶ ምን እያደረግሽ ነው አላት። ተሰልፌ፣ አለች።

«መሰለፍ ምን ወንጀል አለው?» አሉ እማማ ጫልቱ።

«የለውም» አለ ታምሩ። «ግን አሰሯት።»

ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። እኔ መታሰሯ ይገርማቸዋል ብዬ ነበር፤ አልገረማቸውም። እናቴ እንዲያውም «ይሄማ የኛው ነው» አለች። «በዚያኛው መንግሥት ጊዜ ስኳር መጣ ተብሎ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ፣ በሩ ጋ ስደርስ ስብሰባ ነው። ተሰብስቤ ተመለስኩ።»

ሁለተኛው ሥራዋ የዳቦው ነው። እዚያም እንደኛው የቀበሌ የራሽን ደብተር አለ፤ ዳቦ በደብተር ነው። ለአንድ ዓመት ከየቀኑ ዳቦዋ ቁራሽ እያስቀረች ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰካች፤ ከሥሩ ቀኑን ጻፈች።

«ምነው በበላችው» አሉ እትዬ ሙሉ።

እማማ ጫልቱ ግን «አይጥ አልነካውም?» አሉ።

ታምሩ ሲጠይቃት ያለም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። «በልቶታል ትላለች። አይጥ የበላበት ቀን ሥር አይጥ ብዬ ጻፍኩ ትላለች። በትልልቅ አዳራሽ ስንት ምሁር አየው፣ ይሄን የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው የለም ትላለች።»

እማማ ጫልቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሦስተኛው ነው ወደኛ ያመጣት። አባቷ ወታደር ነበር፤ በሶማሌ ጦርነት ጊዜ እዚህ መጥቶ ተዋግቶ ተመልሷል። ስለ ጦርነቱ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ስለ ኢትዮጵያ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በዚያ አገር ድንጋይ ይሰለፋል» ይል ነበር። ሰው ሁሉ ፀሐይ መቶት ነው ይለዋል። እሷም እንደዚያው ትል ነበር። ሲሞት የቀሩት ከስክስ ጫማዎቹ ናቸው። አንድ ቀን ጫማዎቹን ይዛ ወጣችና ዳቦ ሰልፍ ላይ አስቀምጣቸው ከሩቅ ቆማ ጠበቀች። ጫማዎቹን የሚቀድም ሰው ጠፋ። ከኋላ ያለው ሰው ራሱ በእጁ አንስቶ ወደ ፊት ያስጠጋቸው ነበር።

«እኛ ጋ ድንጋይ አናስቀምጥም ትላለች» አለ ታምሩ። «ስትመጪ የመጨረሻው ማነው ብለሽ ትጠይቂና ጥላ ሥር ሄደሽ ትቀመጪያለሽ። ሰልፉ ጭንቅላት ውስጥ ነው።»

«ጭንቅላት ይረሳል» አሉ እማማ ጫልቱ። «ድንጋይ አይረሳም።»

ይህም ደብተሩ ላይ ገባ።

ያለም አማርኛ አልቻለችም። ሁለት ቃል ብቻ ወደደች። ማንም አዲስ ሰው ወደ አንድ ድንጋይ ሲጠጋ ቀድማ «ሰዎ አሌዎ» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እሷ ደግማ ትላለች። ለእኔም ብላልኝ ታውቃለች፤ እትዬ ሙሉ የጫማቸውን ጫፍ ሲያዘጋጁ አይታ «ሰዎ አሌዎ» አለቻቸው። እትዬ ሙሉ እንግዳ ስለሆነች ተዉት። በቀጣዩ ሳምንት እሷ ስታረፍድ ገፉት።

ሆሳዕና ሊደርስ ሲል ያለም ሥራዋን ጀመረች። የዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሱቅ ካርቶን ሰብስባ በመዳፍ ልክ ቆርጣለች። ከታምሩ ጋር ከድንጋይ ድንጋይ እየዞሩ የባለቤቱን ስም ይጠይቃሉ፤ ታምሩ ስሙንና ያለም የምትለውን በወፍራም ማርከር ይጽፋል፤ እሷ በሲባጎ ድንጋዩ ላይ ታስራለች። በማግሥቱ ሰልፉን ፎቶ ታነሳለች፤ ውሃው ከተቀዳ በኋላ ደግሞ የፈቀደ ሰው ድንጋዩን ይሰጣታል። አገሯ ወስዳ አዳራሽ ውስጥ ልትደረድራቸው ነው፤ ሰልፉ ይኖራል፣ ቦኖው አይኖርም። እኔ ኩባ ኩባያ እንጂ ድንጋይ የላትም ማለት ነው ብዬ አዘንኩላት። የአባቷን አንዱን ከስክስ ጫማ ይዛ መጥታ ነበር፤ እሱን ካርቶን ሳታስርበት ሰልፉ መጨረሻ ላይ አቆመችው።

ጎፋ ካለ ትልቅ ቤት የመጣ የፋሲካ ልብስ በሁለት አንሶላ ታስሮ ቤታችን ተቀምጧል። የማግሥቱ ውሃ ለሱ ነው። ካልታጠበ ሰኞ መጥተው እንደሚወስዱት የቤቱ ሠራተኛ ነግራናለች። እናቴ ያን ዕለት ሦስት ጊዜ «ድንጋዩን አይተኸዋል?» ብላኛለች።

የኔ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

«የማን ነው?» አለ ታምሩ።

«የኔ።»

«ስምህ ማነው?»

«ተፈራ።»

አጎንብሶ ጻፈ። ስሜ ሲጻፍ ያኔ ነው ያየሁት። ታምሩ የጻፈውን አየ፣ ምላሱን ነከስ አደረገ፣ ከዚያ ከላይ በኩል አንዲት ትንሽ ነገር ጨመረበት። ዝንብ የምታህል። ለማንም አልጨመረም። የእማማ ጫልቱንም የእትዬ ሙሉንም አይቻለሁ፤ ከላይ የተቀመጠ ነገር የለባቸውም።

ማታ እስኪሆን አላስቻለኝም። ሳምሶንን ጠራሁት። ሳምሶን ጎረቤታችን ነው፣ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሁለተኛ ክፍልን መላልሶ ተምሮታል።

«ይሄን አንብብልኝ።»

ጣቱን ካርቶኑ ላይ አደረገ። «ተ» አለ። ቆየ። «ራ። ተራ።» ጣቱ ተሻገረ። «ሰ… ው። ሰው።»

«ተራ ሰው?»

«አዎ። ተራ ሰው ነው የሚለው።»

«ቀሪውስ?»

«ቀሪው ያው ነው።»

«የእትዬ ሙሉስ?»

ሄዶ አየው። «የሳቸውማ ስማቸው ነው። ሙሉ ይላል።»

ሄደ። ኳስ ነበረበት። እኔ እዚያው ቀረሁ። ለሁሉም ስሙን ጽፈው ለኔ ተራ ሰው። የማይረባ ማለት ነው፤ ምንም ያልሆነ ማለት ነው። ይህን ደግሞ ፎቶ አንስታ፣ ድንጋዬን ተሸክማ፣ ባሕር አሻግራ ለሰው ልታሳይ ነው። እትዬ ሙሉ አንተ ነህ ሰው ሲሉኝ ሰልፉ ነበር የሳቀው። አሁን አገር ሊስቅብኝ ነው። ያለምን የጠላኋትን ያህል እትዬ ሙሉን ጠልቼ አላውቅም፤ ምክንያቱም ወድጃት ነበር።

ጎህ ሲቀድ ከእናቴ አጠገብ ተነስቼ ወጣሁ። ቦኖው ጋ ማንም የለም፤ ድንጋዮቹ ካርቶናቸውን አንጠልጥለው ጤዛ ላይ ተሰልፈዋል። ድንጋዬ ስድስተኛ ላይ ነው። ማንም አልገፋውም። ካርቶን ከታሰረበት ጀምሮ እትዬ ሙሉ እንኳን ሊነኩት አልደፈሩም፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራዬ ያደረበት ሌሊት ነው። ይህን አላሰብኩም። ሲባጎውን በጥርሴ በጠስኩ፤ ካርቶኑን ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩ፤ ድንጋዩን ተሸክሜ ቦይ ውስጥ ጣልኩት።

ሰው ሲመጣ ከእማማ ጫልቱ አህዮች ኋላ ተደበቅሁ። እናቴ ስድስት ጀሪካን በገመድ አስራ መጣች። ስድስተኛው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። መሬቱን አየች። ወደ ፊት ሄዳ አየች፣ ወደ ኋላ ሄዳ አየች። እናቴ የምትጮህ ሴት አይደለችም። «ድንጋዬስ?» ብቻ አለች፤ ለማንም ሳይሆን።

«ድንጋይ ከሌለ ተራ የለም» አሉ እትዬ ሙሉ። «እኔ አላልኩትም፣ ሕጉ ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ ሕጉ ነው። እማማ ጫልቱ እንኳን ከንፈራቸውን መጠጡ። ከኋላ ያለው ሰው ክፍተቱን ለመዝጋት ድንጋዩን ማንሳት ጀመረ። ለያለም ነበር ያሰብኩት፤ የመታሁት እናቴን ነው።

ያለም ካሜራዋን ይዛ ቆማለች። ታምሩን አንድ ቃል ጠየቀችው፤ መለሰላት። ካሜራውን ለሱ ሰጥታ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደች። የአባቷን ጫማ አነሳች። ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጫማውን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ በቀስታ መጣች። እናቴ እግር ሥር ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«ሰዎ አሌዎ» አለች።

«የማን ሰው?» አሉ እትዬ ሙሉ።

ያለም ረዘም አድርጋ ተናገረች። ታምሩ በዚያ በሕፃን አማርኛው ተረጎመው። «የአባቴ ጫማ ነው ትላለች። አባቴ እዚህ አገር ቆሞ ነበር ትላለች። አሁን ደግሞ ለዚህች ሴትዮ ይቁምላት ትላለች።»

ማንም አልሳቀም። የቦኖው ጠባቂ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ቀረ።

«ቆሟል» አሉ እማማ ጫልቱ። «ሙሉ፣ እግርሽን ሰብስቢ።»

እትዬ ሙሉ እግራቸውን ሰበሰቡ።

እኔ ወደ ቦዩ ወረድኩ። ድንጋዩ ጭቃ ሆኗል፤ የኖራው መስቀል ግን አልለቀቀም። አምጥቼ ጫማው አጠገብ አስቀመጥኩት። እናቴ ጭቃውን አየች፣ እኔን አየች። ነጠላዋን ወደ ኋላ አጣፍታ መቅዳት ጀመረች፤ ቅጣቱ ቤት ነው የሚመጣው ማለት ነው። ታምሩ ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ለምን አነሳኸው?»

እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ።

«ካርቶኑስ?»

«ነፋስ ወሰደው።»

ያን ጠዋት ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ካርቶኑ ሸሚዜ ሥር አብጦ ይታያል፤ ያለም ደረቴን ስታየው አይቻታለሁ። ለታምሩ የሆነ ነገር አለችው።

«እሺ ትላለች። ያንተ ድንጋይ ያለ ካርቶን ይሄዳል ትላለች።»

ስድስቱም ጀሪካን ሞላ። ቤት ስንደርስ የጠበቅሁት አልመጣም። እናቴ «ሁለተኛ ድንጋይ እንዳታነሳብኝ» አለችና ገንዳውን ወደ በሩ ጎተተች። ቀኑን ሙሉ እሷ እያሸች እኔ እየጨመቅሁ ዋልን። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ቅንጭብ አጥር በሙሉ ጋቢ ለብሶ ነበር። ነጭ፣ ረጅም፣ እስከ መንገዱ ጠርዝ። እናቴ ወገቧን ይዛ ቆማ አየችውና «እስቲ ይቺ ሐሳብ የምትሠራ ሴትዮ መጥታ ይሄን ትየው» አለች። ታምሩ ነግሯት ኖሮ መጣች። ብዙ ቆማ አየች። ፎቶ አላነሳችም። እናቴ የሽንብራ ቆሎ አቀረበችላት፤ ሦስታችን አጥሩ ሥር ተቀምጠን ጋቢው እስኪደርቅ ቆረጠምን። አንድም የምንግባባበት ቃል የለንም። አንዳንዴ ያለም ወደ ጋቢዎቹ እያመለከተች «ሰዎ አሌዎ» ትላለች፤ እናቴ «አለው፣ ጎፋ ነው ያለው» እያለች ትስቃለች። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ሰኞ ልብሱን አስረከብን።

ያለም ከፋሲካ በኋላ ሄደች። ድንጋዬን ወሰደች፤ በምትኩ የአባቷን ጫማ ተወችልን። ሌላኛው አገሯ ነው። ጫማው ቆዳና አቧራ፣ ደግሞም የማላውቀው የሰው ሽታ ነበረው፤ የአባት ሽታ እንዲህ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ከዚያ ወዲያ ተራ መያዣችን እሱ ሆነ። ማንም አይገፋውም። እትዬ ሙሉ በጎኑ ሲያልፉ ገለል ይሉለታል፤ እንደምን አደሩ ሊሉት ምንም አልቀራቸውም። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ስድስተኛ ከሆንን ስድስተኛ ነን። ለአንድ ልጅ ደስታ ማለት ይኸው ነው፤ ያስቀመጥክበት ቦታ ማግኘት።

በኋላ ታምሩ ደብዳቤ ደርሶት ነገረን። ድንጋዮቹን አዳራሽ ውስጥ ከነካርቶናቸው ደርድራቸዋለች። ሰው መጥቶ ያያል፤ ማንም ሳያዘው በየድንጋዩ አጠገብ ይቆማል። አንዱ ድንጋይ ግን ካርቶን የለውም፤ ሰው የሚበዛው እሱ ጋ ነው አለ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ተራ ሰው የሚለው እኔ ጋ እንዳለ ሊነግራቸው የሚችል እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አፈርኩ።

ካርቶኑን ፍራሽ ሥር ደብቄው ነበር። እናቴ አገኘችው፤ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን የተጻፈ ነገር አትጥልም። የቀበሌ ሊሆን ይችላል ትላለች። እንዳታስነብበው ብቻ ስፈራ ኖርኩ። ሳምሶንን ደግሞ እስክንጎረምስ ድረስ አላናገርኩትም።

ፊደል የቆጠርኩት ሰላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። ከሥራ በኋላ፣ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ። ሌላው ሰው ማንበብ ሲችል ጋዜጣ ነው አሉ የሚገዛው፤ እኔ የእናቴን ሳጥን ነው የከፈትኩት። ሲባጎው አሁንም ላዩ ላይ ነበር። ጣቴን እንደ ሳምሶን አደረግሁ። ተ። ራ። እውነቱን ነበር፣ ተራ ነው የሚለው፣ አልኩ። ከዚያ ዝንቧን አየኋት። በተ እና በራ መሃል፣ ከላይ በኩል፣ ትንሽዬ ፈ። ታምሩ ረስቷት፣ ኋላ ትዝ ብላው፣ አጠጋግቶ ያስገባት። አርፍዳ መጥታ ተራ የሰጧት ፊደል። ሳምሶን ክፉ አልነበረም፤ ሰነፍ ነበር። የጨመረበትን አላየም፤ «ቀሪው ያው ነው» ያለውም ያው አልነበረም።

እናቴ በሩ ጋ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነው።

«ምንድነው እሱ?» አለችኝ። «የቀበሌ ነው?»

«አይደለም። ያለም ያስጻፈችው ነው።»

«ምን ይላል?»

ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ያኔ ገና ፊደል በፊደል ስለሆነ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ተፈራ ሰው አለው።»

እናቴ ቀና አላለችም። አንዲት ጠጠር አውጥታ ወደ ውጭ ወረወረች።

«አለው እንጂ» አለች።